ሰርቨር በጓሮ፦ ከቺካጎ በረዶ እስከ ሆሳዕና ሳሎን

“ሲስተም የለም!”

ይህቺን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ ሄዳችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቆሙ የምትነገራችሁ ነገር ናት። ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ ደብተሩ በእጃችሁ ነው፣ ሠራተኛዋም ወንበሯ ላይ አለች። የሌለው “ሲስተም” የሚሉት፣ አይታችሁት የማታውቁት፣ የት እንዳለም የማይነገራችሁ አንድ ነገር ነው። ያ ነገር ሰርቨር ይባላል። (ወይም ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው መስመር። ለተሰላፊው ልዩነት የለውም።)

ለዚህ ነው ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሩቅ ቦታ ያለ ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ በመደዳ የቆሙ ጥቁር ሳጥኖች፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ አረንጓዴ መብራቶች የሆኑት። የሀብታም ዕቃ! ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰርቨር ቃሉ ራሱ “አገልጋይ” ማለት ነው። አንድ ነገር አስቀምጦ የሚጠብቅ፣ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ “ስጠኝ” ሲለው የሚሰጥ ማንኛውም ኮምፒውተር ሰርቨር ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን። (በነገራችን ላይ ሆሳዕና ላይ “ቤታችን አንድ አገልጋይ አለ” ብትሉ የሚከተለው ጥያቄ “የየትኛው አጥቢያ?” የሚል ነው። የእኛው አገልጋይ አይሰብክም፣ አይዘምርም። የሌላውን ስብከትና መዝሙር ግን ይዞ ያስቀምጣል።)

የዛሬው ጽሑፍ የዚህ የቤት አገልጋይ ታሪክ ነው። ክርክሬ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የቤት ሰርቨር የፈረንጅ ጎረምሶች መዝናኛ ብቻ አይደለም። መስመር የራቀበት ወይም የተወደደበት ሰው ሁሉ የሚደርስበት ዘዴ ነው። ከመስመር በመራቅ ደግሞ እኛን የሚያክል ማን አለ?

በረዶ የወለደው አገልጋይ

እ.ኤ.አ. በጥር 1978 ቺካጎን ከባድ የበረዶ ውሽንፍር መታት። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት አቃተው። ዋርድ ክሪስተንሰን እና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የአንድ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ክበብ አባላት ነበሩ። ክበቡ ሰው ማስታወቂያ የሚለጥፍበት፣ “የሚሸጥ ሞደም አለኝ” የሚልበት የግድግዳ ሰሌዳ ነበረው። በረዶው ቤት ሲያስቀምጣቸው ያንን ሰሌዳ ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ወሰኑ። ክሪስተንሰን ፕሮግራሙን ጻፈ፣ ሱስ ማሽኑን ገጣጠመ። በሚቀጥለው ወር ሥራ ጀመረ።

አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደም፣ አንድ የስልክ መስመር። በቃ! አንድ ሰው ደውሎ ሲገባ ሌላው መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ድርጅት የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ሰው ቤት የተቀመጠ ማሽን ብቻ። በዓመታት ውስጥ እንዲህ ዓይነት የቤት ማሽኖች በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ።

ችግሩ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ደሴት መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፊዶኔት የሚባለውን ዘዴ አመጣ። የሩቅ ጥሪ ቀን ቀን ውድ ነው፣ ሌሊት ግን ይረክሳል። ስለዚህ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ይሰበስቡና ሌሊት ሰው ሲተኛ እርስ በርስ ይደዋወላሉ። የያዙትን ባንዴ ያራግፋሉ፣ የተላከላቸውን ይቀበላሉ፣ ስልኩን ይዘጋሉ። ከዚያ ሌላው ማሽን ለሌላው ያሻግራል። ደብዳቤ በእጅ በእጅ እንደሚሻገርበት እንደ ድሮው ገበያ ማለት ነው።

ለኒውዮርክ ነዋሪ ይህ ገንዘብ መቆጠቢያ ነበር። ለአፍሪካ ግን የመጀመሪያው በር ሆነ።

አንድ ማሽን አዲስ አበባ ላይ

አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የሚባል የልማት መረጃ ክፍል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር አገራችን ገና ሳይገባ፣ ፓዲስ የፊዶኔት ማሽን አቆመ። አሠራሩ እንደ ቺካጎው ነው። ተጠቃሚው ከቢሮው በሞደም ይደውላል፣ ደብዳቤውን ያስቀምጣል፣ የመጣለትን ይወስዳል። የፓዲሱ ማሽን ደግሞ የተጠራቀመውን አስሮ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ ይለዋወጣል። ከለንደን ወደ ዓለም ይሄዳል።

ፓዲስን በወቅቱ ይመሩ የነበሩት ናንሲ ሀፍኪን ለአፍሪካ ኢንተርኔት ባደረጉት አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተርኔት የዝና መዝገብ ውስጥ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ያኔ የአዲስ አበባ ተመራማሪ ደብዳቤ የሚቀመጠው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሰው በእጁ ሊነካው በሚችል ሳጥን ውስጥ ነበር። ወደ ለንደን የሚወስደው መስመር ቢቋረጥ ደብዳቤው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ማሽኑ ይዞ ይጠብቃል። መስመሩ ሲመለስ ይልካል። ይቺን “ይዞ መጠበቅ” የምትባል ጠባይ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በጥር 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት፣ አገሪቱ በአንድ በር ነው የወጣችውና የገባችው። በሩ ሲጨናነቅ ሁሉም ይጨናነቃል። በሩ ሲዘጋ ሁሉም ቤቱ ይቀራል። እንደ ቺካጎ በረዶ… ልዩነቱ በረዶው ይቀልጣል!

ወደ ኋላ የማይመለሰው አስተማሪ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች ዋነኛዋ ናት። የዚያን ዘመን የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔ ወይም የሺንሺቾ ተማሪ ግን ስለ “ኔትወርክ” መጀመሪያ ያየው ነገር በኮምፒውተር አልነበረም፤ በፕላዝማ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ትልልቅ ስክሪኖች ገቡ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይዘጋጃል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ በሳተላይት ይላካል። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይናገራል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይረከበዋል። በዚያው ዓመታት ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት አገናኘ፤ ባለሥልጣናት ከየወረዳቸው ሆነው በቪዲዮ ተሰበሰቡ።

ፕላዝማን በልጅነቱ ያየ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ያቺ ሴትዮ አትጠብቅም! ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትሰጣለች፣ “በጣም ጥሩ” ብላ ታልፋለች። ማንም አልመለሰም እኮ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ፊዚክስ ሄደ። ሲመለስ ኬሚስትሪ ላይ ደርሳለች።

ለምን? ትምህርቱ ክፍሉ ውስጥ ስላልተቀመጠ ነው። ሩቅ ቦታ ካለ ማሽን በተወሰነ ደቂቃ ይለቀቃል፣ ያልተቀበለ ቀረበት። ያው ትምህርት በትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ያቆመው ነበር፣ ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር፣ ያልገባውን በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ አስረድቶ ይቀጥል ነበር። ገንዘብ አልጠፋም፣ ስክሪን አልጠፋም። የጠፋው “ይዞ መጠበቅ” ነው።

አንድ ምፀት ልጨምርላችሁ። ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ እኛ በሚመጣበት በዚያው ዘመን የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ጆሃንስበርግ ወይም ደርባን ሰው የሌለው ቤተሰብ መፈለግ ከባድ ሆኗል። ይህም ከሰርቨር ጋር ይገናኛል። ትንሽ ታገሱኝ።

“ሙዚቃ እንጭናለን”

እና የከተማው እውነተኛ ሰርቨር የት ነበር? ሜሞሪ ቤት!

የካሴት ዘመን አልፎ፣ የሲዲ ዘመን አልፎ፣ ቻይና ሠራሽ ስልኮች ሜሞሪ ካርድ ይዘው ሲመጡ፣ በየከተማው ጠባብ ጠባብ ሱቆች ተከፈቱ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ስፒከር ወደ መንገድ የዞረ። ዲስኩ ከመርካቶ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። ስልካችሁን ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ፎልደሮቹን ይከፍትላችኋል፦ የአማርኛ መዝሙር፣ የሀዲይሳ መዝሙር፣ የከምባትሳ፣ የወላይትኛ፣ ድሮ ዘፈን፣ አዲስ ዘፈን፣ ትርጉም ፊልም፣ ስብከት። ትመርጣላችሁ፣ ይጭንላችኋል፣ ትከፍላላችሁ።

እስቲ ከላይ የሰጠሁትን ትርጉም መልሳችሁ ተመልከቱ። “አስቀምጦ የሚጠብቅ፣ ሲጠየቅ የሚሰጥ።” ሜሞሪ ቤት ሰርቨር ነው! ገመዱ ብቻ በሰው እግር ተተካ።

ይህ የእኛ ኋላ ቀርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዘመን የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኢግራነሪ የሚባል ነገር ይሠራ ነበር። ብዙ ድረ ገጾችን ባለቤቶቻቸውን እያስፈቀደ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጥና መስመር ለሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይልካል፤ አፍሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ተተክሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። ልጆቹ በታብሌቱ ምን እንዳደረጉ ተመራማሪዎቹ እንዴት አወቁ? በሳምንት አንድ ጊዜ ሰው ሄዶ ሜሞሪ ካርዱን እየቀየረ ነዋ! ከሆሳዕናው ሜሞሪ ቤት በምን ይለያል?

ሜሞሪ ቤት ግን ሁለት በሽታ ነበረበት። አንደኛው የታወቀው ነው፦ ዘማሪው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) ከወጣ በኋላም ቢሆን ልጁ ጠረጴዛ ላይ ሕጉ አልደረሰም። ሁለተኛው ብዙ አይወራም፤ ለእኔ ግን የባሰው እሱ ነው። የትልልቆቹ ዘማሪዎች ሥራ አዲስ አበባም፣ ውጭ አገርም ቅጂ አለው። አንድ የገጠር አጥቢያ ኳየር በሀዲይሳ ዘምሮ በትንሽ ካሴት ያወጣው መዝሙር ግን የመጨረሻ ቅጂው ያ አንድ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ያ ዲስክ አንድ ቀን “ጠቅ… ጠቅ…” ማለት ይጀምራል። ልጁ ያወጣዋል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ከመርካቶ ያመጣል። አዲሱ ዲስክ ላይ ያ ኳየር የለም። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳያለቅስ፣ ተቀበረ።

ቴሌግራም ጎተራ ሲሆን

ስማርት ስልክ መጣ፣ ሜሞሪ ቤቱ ከሰረ። ዛሬ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመታወቂያ ቅጂ የሚቀመጠው ቴሌግራም ላይ ነው። ብዙ ሰው ለራሱ መልእክት እየላከ ነው የሚያስቀምጠው። ምቹ ነው፣ ነፃ ነው፣ ስልክ ቢጠፋም አይጠፋም።

ግን ጎተራው የማን ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

መልሱን በተደጋጋሚ አይተነዋል። በግንቦት 2009 ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘጋ። በሰኔ 2011 በፈተናው ሰሞን፣ ከዚያም ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ መላ አገሪቱ ለሳምንታት ጨለመች። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆረጠ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ። በነሐሴ 2015 ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ።

ስለ ፖለቲካው ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ የማነሳው ትንሿን ነገር ነው፦ በእነዚያ ሳምንታት አንድ ሰው የገዛ እናቱን ፎቶ ማየት አይችልም ነበር። ፎቶውን ያነሳው እሱ፣ እናቱ የእሱ፣ ስልኩ የእሱ። “ሲስተም የለም!”

ፍራንክፈርት የተቀመጠው ታሪክ

ይህ የራቀ ጎተራ ነገር ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኡልሪክ ብራውኬምፐር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ሀዲያን፣ ከምባታንና አካባቢውን ዞሮ ከሽማግሌዎች የትውልድ ሐረግ፣ የፍልሰት ታሪክ፣ የጦርነትና የእርቅ ትዝታ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ያወቁትን ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1980 የሀዲያ ታሪክ መጽሐፉ ታተመ፤ በፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም የጥናት ተከታታይ ውስጥ፣ በጀርመንኛ። በ1983 የከምባታው ተከተለ፣ እሱም በጀርመንኛ።

የሀዲያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። 32 ዓመት! ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ልጅ የሚወልድበት ጊዜ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሆሳዕና ላይ ስለ አያቱ ጎሳ ማወቅ የፈለገ ተማሪ፣ አያቱ ራሳቸው የተናገሩትን ለማንበብ ጀርመንኛ መማር ነበረበት።

ብራውኬምፐርን ልወቅስ አይደለም። እንዲያውም እሱ ባይመጣ ብዙው ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ትልቅ ባለውለታ ነው። ነገሩ የሚያሳየው ግን አንድ ነው፦ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ የት ተቀመጠ፣ ማን ይከፍተዋል የሚለው እኩል ጥያቄ ነው። ያኔ ቴፕ ሪከርደር የያዘው እንግዳው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሆሳዕና ላይ ሪከርደር ኪሱ ውስጥ የሌለው ወጣት የለም። አያቶች ዛሬም አሉ፣ ዛሬም ይናገራሉ። ልዩነቱ አሁን ሰበብ የለንም።

እሺ፣ እንትከል!

ከታሪክ ወደ ሥራ። ከሁሉ በፊት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ፦ ቤታችሁ ያለው ዋይፋይና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢንተርኔት ቢዘጋም ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ቤት ውስጥ ያሉትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያገናኛል። ከስልካችሁ ወደ ሳሎኑ ሰርቨር ስትሄዱ ፓኬጅ አይቆረጥም፣ ማንም አይዘጋውም። የቤት ሰርቨር ምስጢር ይቺ ናት።

ማሽኑ። አሮጌ ላፕቶፕ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ይሻላል። ኤሌክትሪክ የሚፈጀው በጣም ያነሰ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባትሪ አለው። መብራት ድርግም ሲል ማሽኑ አይደነግጥም። የመጀመሪያው የዓለም የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ጄኔቫ አጠገብ ሰርን ውስጥ፣ ቲም በርነርስ ሊ ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ቀለም “ይህ ሰርቨር ነው፣ እንዳታጠፉት!” የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። ጊቤ ወንዝ አጠገብ ለምንኖር፣ ግልገል ጊቤ 2ን (420 ሜጋ ዋት) እና ጊቤ 3ን (1,870 ሜጋ ዋት) በጉርብትና ይዘን በሻማ ለምናመሽ ሰዎች ወረቀት አይበቃም። ባትሪ ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ በአሮጌ ማሽንም ይሮጣል። ፋይል ለቤቱ ሰው ለማካፈል ሳምባ፣ ቪዲዮና መዝሙር ለማጫወት ጄሊፊን፣ ፎቶ ለማሰባሰብ ኢሚች። ሁሉም ነፃ ናቸው። ኪዊክስን ደግሞ አትርሱ። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተጀመረው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ በአንድ ትንሽ ፍላሽ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ነው፣ እሱም ዛሬ ለአንድ ዲስክ ከባድ አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ሳሎናችሁ ተቀምጠው የቤት ሥራ ሲሠሩበት ታያላችሁ። ፕላዝማዋ ያልጠበቀቻቸውን ይህ ይጠብቃቸዋል።

አድራሻው። ራውተሩ ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሰጠው አድርጉ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። አለበለዚያ ማሽኑ በየቀኑ ቤት እንደሚቀይር ተከራይ ይሆንባችኋል።

የሩቁ ወንድም። ጆሃንስበርግ ላለው ሰው በሩን ለመክፈት ብላችሁ ማሽኑን ለመላው ዓለም አታጋልጡ፤ ሌባ ስልክ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሲንክቲንግ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የእናንተንና የእሱን ኮምፒውተር ብቻ፣ መልእክቱን ቆልፎ፣ ያስተካክላል። መስመር ሲኖር ይልካል፤ ሲጠፋ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይሄ ነገር አልታወቃችሁም? የፓዲሱ ማሽን እኮ ነው! ሠላሳ ዓመት ዞረን እዚያው ደረስን።

ፊደሉ። ይህ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፊደላት ነበር። ፎንቱ ከሌለ ያ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት የሚታየው የእንቁራሪት ቋንቋ ነው። ሀዲይሳና ከምባትሳ ግን በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የድሮ ፋይላቸው የትም ይከፈታል። የድሮ የአማርኛ ሰነድ ካላችሁ ሰርቨሩ ላይ ስታስቀምጡ ፒዲኤፍ ቅጂ አብራችሁ አስቀምጡ፣ ከቻላችሁም ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ጉድጓዱን መክፈት

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። አንድ ሰርቨር ላይ አንድ ዲስክ ማስቀመጥ ማለት ሜሞሪ ቤቱን ሳሎን ውስጥ መክፈት ማለት ነው። እሱም “ጠቅ ጠቅ” ይላል። የባለሙያዎቹ ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ከቤት ውጪ ለሚለው ፈረንጆቹ በየወሩ ይከፍላሉ። እኛ ግን ዱራሜ አክስት አለችን፣ ደርባን ወንድም አለን። ይህ አካባቢ ልጆቹን በዓለም ላይ በትኖ ብዙ ዋጋ ከፍሏል። ቢያንስ መጠባበቂያ ማስቀመጫ ቦታ አላጣም።

ደግሞም ይህን ጥበብ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም። አገራችን የእንሰት አገር ናት። እንሰቱ የሚተከለው ጓሮ ነው፣ ሩቅ እርሻ ላይ አይደለም። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ሲደርስ ግን ገበያ ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢዘገይ፣ ቤቱ የሚበላው አለው። ቆጮው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። ግን ተቀብሮ አይረሳም። እናቶቻችን በየጊዜው ይከፍቱታል፣ የተበላሸውን ያወጣሉ፣ ቅጠሉን ይቀይራሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ያልተከፈተ ጉድጓድ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ያልተከፈተ መጠባበቂያ ዲስክም እንደዚያው ነው። በዓመት ሁለቴ አውጡት፣ ክፈቱት፣ የምር ይሠራል ወይ ብላችሁ እዩ።

የቤት ሰርቨር ሁሉን አይፈታም። ለባንኩ “ሲስተም” መፍትሔ አይሆንም፣ የተዘጋ ኢንተርኔትም አይከፍትም። ማሽኑ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፣ ሠሪው ልጅ አግብቶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ይዞት ይሄዳል (ጻፉትና ለእናታችሁ ስጡ!)። ኢንተርኔት ለጎረቤት እየቆረጡ መሸጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ግን የኛ የምንለውን ነገር ቢያንስ አንድ ቅጂ እጃችን ላይ ያደርግልናል። ከዚያ በኋላ ቴሌግራምም ላይ ይኑር፣ ደመና ላይም ይኑር፣ ፍራንክፈርትም ይቀመጥ። ችግሩ እዚያ መኖሩ አልነበረም፤ እዚያ ብቻ መኖሩ ነው።

ላፕቶፕ ለሌላችሁ ደግሞ የሳምንቱ የቤት ሥራ ቀላል ነው። አያታችሁ ጋ ሂዱ። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ፣ ማን ከየት እንደፈለሰ፣ ሆሳዕና ዋቸሞ ትባል በነበረችበት ጊዜ ከወላጆቻቸው ምን እንደሰሙ። ፋይሉ ላይ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። ከዚያ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ሰርቨሩ ቆይቶም ይደርሳል። አያት ግን መጠባበቂያ የላቸውም።

ቸር እንሰንብት።